የአባ መላጊያ ቀፎ

ንቦቹ የመጡት ሰኞ ረፋድ ላይ፣ አባ መላጊያ ከሎሚው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ማንም ያላዘዛቸውን መጋዝ ሲሞርዱ ነበር።

ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። አርባ ዓመት በአናጢነት ሲኖሩ እንጨቱንም ሰዉንም እኩል ስለላጉ ሰፈሩ አባ መላጊያ ብሎ አስቀራቸው። እጃቸው ያረፈበት ጣውላ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ምላሳቸው ያረፈበት ሰው ግን ቆዳው ተነሥቶ ነው የሚሄደው። ይህን እሳቸውም ያውቁታል። እንዲያውም ትንሽ ይኮሩበታል።

ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ሱቃቸውን ሸጠው ከልጃቸው ቤት ገብተዋል። ልጅየዋ አስተማሪ ናት። ባሏ ቀለም፣ ሲሚንቶና የተባይ መድኃኒት የሚሸጥ አንድ መደብር ውስጥ ከባንኮኒ ኋላ የሚቆም ሰው ነው፤ አባ መላጊያ «ባለ ቀለም» ይሉታል። የሰጧቸው መኝታ ቤት መልካም ነው፤ የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛና ሁለት ያረጁ ሻንጣዎች አብረዋቸው ያድሩበታል እንጂ። ስለዚህ ውሎአቸው ጓሮው ጥግ ሆነ። አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ፣ ከግድግዳው የተደገፉ ጥቂት ጣውላዎችና የሎሚ ዛፍ። ርዝመቱ አምስት እርምጃ፣ ወርዱ ሦስት። «ከመቃብር ይሰፋል፣ ከቤት ይጠባል» ይሉ ነበር ለጠየቃቸው፤ ግን ጠዋት ከእንቅልፍ የሚያስነሣቸው እሱ ብቻ ነበር።

ባለ ቀለም የፈለገውም እሱኑ ነው። በቅርቡ አሮጌ መኪና ገዝቷል። ዛፉ ተቆርጦ፣ መሬቱ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ከላይ ቆርቆሮ ይልበስ ይላል። ሁለት ወር ሙሉ ነገሩ እራት ላይ ይነሣል፣ እራት ላይ ይተኛል።

«አባባ፣ መኪናዋን እኮ ፀሐይ በላት።»

«እኔንም እየበላኝ ነው፤ መጠለያ ላሠራልህ ያለኝ ሰው ግን የለም።»

ልጅየዋ በመካከላቸው ተቀምጣ ዳቦዋን ትቆራርሳለች። አባቷንም ትወዳለች፣ ባሏንም ትወዳለች፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ምግቡ አይረጋለትም።

እንግዲህ ሰኞ ረፋዱ ላይ መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ። ቀጥሎ ከአጥሩ በላይ ያለው ሰማይ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መንጋው በሎሚው ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ተሰብስቦ፣ የሚተነፍስ ጺም መስሎ ተንጠለጠለ።

ትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ስለሆነ ቤት የዋለችው ልጅየዋ መስኮቱን ሁሉ ዘጋጋች። አባ መላጊያ ግን ከበርጩማቸው አልተነሡም። ልጅ ሳሉ አጎታቸው ንብ ያረባ ነበር፤ ከቤቱ የወጣ መንጋ ማር ጠግቦ እንደሚጓዝና ገራም እንደሆነ ያውቃሉ።

ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ልብስ ሰፊ አንገቷን ብቅ አደረገች። የመርፌ ክር ከከንፈሯ አልወጣም።

«አባ መላጊያ፣ እንግዳ መጣልዎት እንዴ? ያውም ከነቤተሰቡ።»

«ቤት ፍለጋ ነው የወጡት።»

«እኔ ጋ ክፍል የለም በሏቸው። ይናደፋሉ?»

«ቤት የሌለው ምን ጠብቆ ይናደፋል እትዬ? የሚናደፈው ባለቤቱ ነው።»

ባለቤቱ ለምሳ ሲመጣ ፍሊት ይዞ መጣ። ልጅየዋ ደውላ ነግራው ኖሯል፤ ከመደብሩ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ መዞ፣ ክራቫቱን በሸሚዙ ውስጥ ከትቶ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ ገባ። አባ መላጊያ ብድግ ብለው ከዛፉ ፊት ቆሙ።

«አባባ፣ ዞር ይበሉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«መጀመሪያ እኔን ንፋኝ። እኔ ከወደቅሁ እነሱን ታገኛቸዋለህ።»

«ሰው ቢነድፉስ?»

«ሣጥን እሠራላቸዋለሁ። ገብተው ይቀመጣሉ። በዓመቱ ማር ትበላለህ፤ ያኔ ደግሞ አፍህን ስታጣፍጥ አይሃለሁ።»

ልጅየዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። የሁለት ወሩ እራት ጉሮሮዋ ላይ ተሰብስቦ ኖሮ በዚህ ጊዜ ወጣላት።

«በቃ፣ ስሙኝ ሁለታችሁም። እስከ እሑድ። ንቦቹ ሣጥን ገብተው፣ ሰው ሳይነድፉ እስከ እሑድ ከሰነበቱ ጥጉ የአባዬ ነው፤ መኪናው ደጅ ይደር። ካልሰነበቱ ግን ሰኞ ግንበኛው ይመጣል፤ አባዬም አንድ ቃል አይናገርም። ከዚያ ወዲያ እራት ላይ ይህን ነገር ያነሣ ሰው ምግቡን ራሱ ያብስል።»

ባለ ቀለም ሚስቱን አየ፣ ንቦቹን አየ፣ ፍሊቱን ይዞ ወደ ውስጥ ገባና ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ አናት ላይ አስቀመጠው። ስምምነት ማለት ይኸው ነበር።

አባ መላጊያ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ሱቁ ሲሸጥ ለገዢው አልሰጥም ብለው ያስቀሯቸው ስድስት ጣውላዎች ነበሯቸው፤ ቀያይ፣ ጉጥ የሌለባቸው፣ ሲመቷቸው የሚዘምሩ። ለምን እንዳስቀሯቸው ራሳቸውም አያውቁም ነበር። ያን ቀን ግን «ለካ ለዚህ ነው» አሉ። ለኩ፣ ቆረጡ፣ ላጉ። አንዲት ምስማር ሳይመቱ ጥርስ በጥርስ ገጠሙት። ለመግቢያው የጣት ውፍረት ያህል ቀዳዳ፣ ለላዩ ተነሺ ክዳን፣ ለውስጡ ደግሞ ሰፈፋቸውን የሚያንጠለጥሉበት ዘጠኝ ቀጫጭን ዘንግ። ሲጨርሱ የሣጥኑን ሆድ ዕቃ በጠጅ ሣር አሹት፤ አጎታቸው እንዲያ ሲያደርግ አይተዋል፣ ንብ ሽታውን ይወዳል። ልጃቸው ስትዳር ይዛው የምትሄደውን አልጋ የሚሠሩ እንጂ የንብ ሣጥን የሚሠሩ አይመስሉም ነበር።

ሣጥኑ ከባድ ስለሆነ ልጅየዋ ባሏን አስጠራች። አንዱ በአንድ ወገን፣ አንዱ በሌላ ወገን ተሸክመው ከጠረጴዛው ወደ ዛፉ ሲወስዱት ባለ ቀለም መሃል መንገድ ላይ ቆም አለ።

«ከበደህ እንዴ ባለ ቀለም? ከቆርቆሮ ሌላ ተሸክመህ አታውቅ።»

«አይ፣ አልከበደኝም» አለና መንገዱን ቀጠለ።

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ልብስ ሰፊዋ ባዋሰቻቸው ነጭ አንሶላ ላይ ሣጥኑን ከቅርንጫፉ በታች አኖሩት። በመንጋው ላይ የስኳር ውኃ እፍ እፍ አሉበት። ከዚያ ቅርንጫፉን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አንዴ፣ ቁርጥ ባለ ጉልበት፣ ወደ ታች ነቀነቁት። መንጋው እንደ እርጥብ ጨርቅ ዱብ አለ። ግማሹ ሣጥኑ ውስጥ፣ ግማሹ አንሶላው ላይ። አባ መላጊያ ሁለት ቦታ ተነደፉ፤ አንዱ ጆሯቸው ላይ ነው፤ ሣጥን ከመግባታቸው በፊት ነውና ማንም አልቆጠረባቸውም። ዝም ብለው ተንበርክከው ሲያዩ፣ ንቦቹ መግቢያው ላይ ቆመው ጅራታቸውን ወደ ላይ አንሥተው ክንፋቸውን ያርገበግቡ ጀመር፤ የውጮቹም በሰልፍ ወደ ውስጥ ተመሙ።

«አውራዋ ገብታለች» አሉ አባ መላጊያ በሹክሹክታ። «አውራ ይሏታል እንጂ እናት ናት። እሷ ከገባች ሁሉም ይከተላል።»

«እንደ እኛ ቤት ነዋ» አለች ልብስ ሰፊዋ ከአጥሩ ላይ። «አንሶላዬን ማር ቀብተው እንዲመልሱልኝ።» አባ መላጊያ ከት ብለው ሳቁ።

ልጅየዋ በመስኮት ሆና አባቷን ታይ ነበር። እንዲያ ሲስቁ ካየቻቸው ሦስት ዓመት ሆኗታል።

ማክሰኞና ረቡዕ ደመና ሆነ። ንቦቹ ብርዱ ጋብ ሲል ይወጣሉ፣ እግራቸው ላይ ቢጫ ዱቄት ጭነው ይገባሉ። አባ መላጊያ በርጩማቸውን ከመግቢያው ሦስት ክንድ አርቀው ይውላሉ፤ ማታ እራት ላይ ደግሞ ዜና ያነባሉ። ዛሬ ይህን ያህል ጭነት ገባ፣ ዛሬ ዘበኞቹ አንዲት ተርብ አባረሩ። ልጅየዋ ትስቃለች። ረቡዕ ማታ ባለ ቀለም እንኳ ከሾርባው ቀና ሳይል፣ «ደህና ናቸው?» ብሎ ጠየቀ።

«ካንተም ከእኔም ደህና ናቸው» አሉት አባ መላጊያ። ለእሳቸው ይህ ደግ አነጋገር ነው።

ሐሙስ ፀሐይ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ሣጥኑ ላይ ወረደበት።

ዓርብ ጠዋት ከመግቢያው ሥር አንድ ጭብጥ የሞተ ንብ አገኙ። ያለ ነው፣ ያረጀው ይሞታል አሉ። ረፋዱ ላይ ጭብጡ ክምር ሆነ። ከውስጥ እየተንገዳገዱ ይወጣሉ፣ በጀርባቸው ወድቀው እንደ እንዝርት ይሾራሉ፣ ምላሳቸውን አውጥተው ይደርቃሉ። አባ መላጊያ አንዷን በመዳፋቸው ይዘው እፍ አሏት። ሌላዋን አነሡ። በስድስት ሰዓት የሚነሣው ከቁጥር በላይ ሆነ።

ያኔ ወጥ ቤት ገብተው መደርደሪያው አናት ላይ ያለውን ፍሊት አወረዱ፤ ነቀነቁት። ጎደል ያለ መሰላቸው። ሰው ሊያምን የቆረጠውን ነገር ቆርቆሮውም ይመሰክርለታል።

ባለ ቀለም ለምሳ ሲገባ ጓሮ በር ላይ ጠበቁት። ልብስ ሰፊዋ ከአጥሩ ላይ፣ ልጅየዋ ከምድጃው አጠገብ ናቸው።

«ሦስት ቀን ቀርቶህ ነበር እኮ» አሉት። «ሦስት ቀን መታገሥ አቃተህ?»

«ምን ሆኑ አባባ?»

«ምን ሆኑ ይላል። ቆርቆሮው እጄ ላይ ነው።»

«እኔ አልነካኋቸውም።»

«አንተ የነካኸው ነገር መች በሕይወት ተርፎ ያውቃል? ሚስትህ ሆድ ውስጥ የነበረውስ መች ተረፈ?»

አምና ልጅየዋ የሦስት ወር ፅንስ ጨንግፎባት ነበር። ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እነዚሁ ሦስቱ። አራተኛዋ አሁን አጥሩ ላይ ነበረች። ያየችውን ነገር ሳትጨርስ ትታ የማታውቀው ልብስ ሰፊ፣ ያን ቀን ጭንቅላቷ ቀስ ብሎ ከአጥሩ በታች ወረደ።

ባለ ቀለም የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው አንሥቶ ምሳውን ሳይበላ ወደ መደብሩ ተመለሰ። ልጅየዋ እሳቱን አጠፋች፤ መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። አላጋጨችውም፣ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን አባ መላጊያ ለሰው ሲናገሩት ኖረዋል፤ ያን ዕለት ማንም ሳይናገራቸው ሰሙት። ቢሆንም ካፈርሁ አይመልሰኝ ብለው ነው የዋሉት። ለቃሉ ምክንያት አለኝ፣ ገድሎብኛል አሉ ለራሳቸው። እስከ ቅዳሜ በዚህ ቆዩ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሣጥኑ ድምፅ አልነበረውም። ክዳኑን አነሡት። ከዘንጎቹ ላይ የመዳፍ ያህል ሦስት ነጫጭ ሰፈፍ ተንጠልጥሏል፤ አዲስ፣ ገና ማር ያልገባበት፣ አባ መላጊያ ራሳቸው እንኳ በዚያ ልክ ገጥመው የማያውቁት ሥራ። ሥሩ በሙሉ የሞተ ንብ ነው። አውራዋን ፈልገው አገኟት፤ ረዘም ትላለች። እንደ ሌሎቹ ምላሷን አውጥታለች።

ክዳኑን በፀሐዩ ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። በውስጥ በኩል ያለው እንጨት ያብለጨልጫል፤ ስስ ወዝ አውጥቷል። በጣታቸው ጠረጉት። አሸተቱት፤ ምንም። አፍንጫቸው ከሞተ አሥር ዓመት አልፎታል። አናጢ ግን የተጠራጠረውን እንጨት በምላሱም ይጠይቃል። ጣታቸውን ላስ አደረጉ።

መረራቸው። ምሬቱ የምላሳቸውን ጫፍ አደነዘዘው። ያን ድንዛዜ ደግሞ እንደ ስማቸው ያውቁታል።

ሱቃቸው ጓሮ አንድ በርሜል ነበር። ገና በወጣትነታቸው አንድ ቁም ሣጥናቸውን ምስጥ በልቶባቸው ካፈሩ ወዲህ፣ እዚያ በርሜል ውስጥ ያለው የምስጥ መድኃኒት ሦስት ቀን ያልተነከረ ጣውላ ከሱቃቸው ወጥቶ አያውቅም። «የእኔን እንጨት የበላ ምስጥ አስከሬኑን እንጂ ልጁን አታገኙትም» እያሉ ይፎክሩ ነበር። አፍንጫቸውንም የገደለው እሱ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ከሠሩት በኋላ ሥራው ከመተንፈስ አይለይም፤ ሰው ደግሞ መተንፈሱን አያስታውስም። የላዩን ቢልጉት መድኃኒቱ ከሥሩ ገብቷል። ደመናው ይዞት ቆይቶ፣ የሐሙስ ፀሐይ አወጣው።

በርጩማው ላይ ተቀመጡ። 

ባለ ቀለም ከበር ውጭ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሞተሩ አልተነሣም፤ የሚሄድበትም የለም። ከትናንት ጀምሮ ከቤቱ ይልቅ እዚያ ይቀለዋል። አባ መላጊያ የጎኑን በር ከፍተው ገቡ። መኪናዋ ከተገዛች ጀምሮ ሲገቡባት ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

«እንጨቱ ነው» አሉ ፊት ለፊታቸውን እያዩ። «የምስጥ መድኃኒት ጠጥቷል። እኔው ነኝ ያጠጣሁት። አንተ አልነበርህም።»

«አውቃለሁ» አለ ባለ ቀለም።

አባ መላጊያ ዞረው አዩት።

«ሰኞ ስንሸከመው ሸተተኝ። መድኃኒቱን በየቀኑ እሸጣለሁ አባባ፤ ጠጅ ሣር አይደብቀውም።»

«ከሰኞ ጀምሮ?»

«ልነግርዎት ቆሜም ነበር። ከበደህ እንዴ አሉኝ።»

አንድ ሰው በብስክሌት አለፈ። ሁለቱም በዓይናቸው ሸኙት።

«ብትነግረኝ ሌላ ሣጥን እሠራ ነበር።»

«ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር? ቀናህብኝ፣ እንጨት መች ታውቃለህ ነበር የሚሉኝ።» መሪውን በአውራ ጣቱ ጠረገ። «ይህ አንዱ ነው። ሌላውን ልዋሽዎት አልችልም፤ ጥጉን ፈልጌው ነበር። እጄን ሳላነሣ የሚመጣ ከሆነ ይምጣ አልሁ። ረቡዕ ደህና ናቸው ሲሉኝ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደስም ብሎኝ ነበር፤ ይመኑኝ አይመኑኝ።»

አባ መላጊያ አፋቸውን ከፈቱ። ምላሳቸው አሁንም ደንዝዟል። ሊልጉት የሚችሉት ብዙ ነገር ነበር፤ ሰው እንዲህ ተመቻችቶ ተሰጥቷቸውም አያውቅ። የትናንቱን አሰቡና ዘጉት።

«ይንገሯት» አለ ባለ ቀለም። «አውቆ ዝም አለ ይበሏት። እውነት ነው። እኔም ትናንት የሰማሁትን ከጆሮዬ ማውጣት አልችልም።»

ልጅየዋ ወጥ ቤት ውስጥ የታጠበ ዕቃ እንደገና ታጥብ ነበር። አባ መላጊያ በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ። ንቦቹን የገደልኋቸው እኔ ነኝ። ጣውላው መድኃኒት ነበረው፤ ረስቼ።»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። «እሱ ያውቅ ነበር?»

ይህችን ጥያቄ አልጠበቋትም። ለእሳቸው የሚበጀው መልስ እውነቱ ነበር። ጥፋቱን ከሁለት ይከፍልላቸዋል፤ ምናልባት ጥጉንም ያስመልስላቸዋል። ግን ጀርባዋን አዩት፤ ትከሻዋ ላይ አጥንቱ ወጥቷል። ትናንት ከእሷ ላይ የላጉት ይበቃል።

«አያውቅም» አሉ።

«ታዲያ ያን ቃል ለምን ተናገርህ?»

«ተናድጄ…»

«ጎረቤት እየሰማ?»

 መልስ ሳትጠብቅ ሳህኑን አነሣችና ማጠብ ቀጠለች። እሑድ ሦስቱም ተሰብስበው ምሳ በሉ። ጨው ያቀብሉኝ፣ እጅዎ አይመም፣ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ጨዋነት በዚያ ቤት ታይቶ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ አንሶላዋን ልትወስድ መጥታ፣ ልጅየዋን ከወትሮው ረዘም አድርጋ አቅፋ ሳመቻት። ልጅየዋ የአሳሳሟ ምክንያት ገባት፤ ፊቷን ዞር አደረገች።

ሰኞ ጠዋት ግንበኛው መጣ። ዛፉ ከሥሩ ለመውደቅ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ጠረጴዛውን ባለ ቀለምና አባ መላጊያ ተጋግዘው ወደ መኝታ ቤታቸው አስገቡት፤ ከመተኮሻው አጠገብ በጎኑ ቆመ። ሣጥኑን አባ መላጊያ ራሳቸው ጥርስ በጥርስ ፈታቱት።

ግንበኛው ሲሚንቶው የሚፈስስበትን መስመር ሊያወጣ ሲባጎ ፈታ። አንዱን ጫፍ ባለ ቀለም ያዘለት፤ ሌላውን የሚይዝ ሰው ጠፋ።

«አባባ፣ ያችን ጫፍ ይያዙልኝ እስቲ» አለ ባለ ቀለም፤ በአክብሮት ነው ያለው።

አባ መላጊያ ሄደው ያዙ።

«ትንሽ ወደ ግድግዳው» አለ ግንበኛው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ። «ትንሽ። ትንሽ። በቃ፣ እዚያው ይቁሙ።»

ሲባጎውን ወጠር አድርገው ቆሙ። ሲሚንቶው እስኪቦካ ጊዜ ይወስዳል።